ምዕራፍ ስድስት፦ ከጭቃው በፊት ወረቀቱ

ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ ጠጋግኖ መልሶ መሸጥ የዘመናችን ደላላ የፈለሰፈው ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፈውን ቢያይ ይገረማል። እ.ኤ.አ. ከ1700ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ የከተማዋ ሰው ቤትና ርስት ሲሻሻጥ ውሉን የሚያጽፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ በወቄት ወርቅ የተተመነ ዋጋ፣ ዋስ፣ ምስክር ሁሉም በስም ይሰፍራል። እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት ያጠናው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክሩሚ፣ ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች ብዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ለመጽሐፉ ሳይሆን ለቤቱ ስል ይህን ያነሣሁት፣ የዚያ ዘመን ጎንደሬ ዛሬ ብዙ ገዢ የሚዘነጋውን ነገር አጥብቆ ያውቅ ስለነበር ነው። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ የማን እንደሆነ ተጽፎና ምስክር ቆሞለት ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

ዛሬም ያው ነው። በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ ያረጀ ቤት እያደሱ ሲሸጡ ያተረፉ ሰዎች ብር ያገኙት ከቀለሙና ከቆርቆሮው አይደለም። አምስት ወራሽ ተከፋፍሎት፣ ካርታው ጠፍቶ፣ ወሰኑ ተደበላልቆ ማንም ሊገዛው ያልደፈረውን ቤት አንድ ሰው በአንድ ፊርማ የሚሸጠው ቤት ስላደረጉት ነው። ጭቃውን ማንም ግንበኛ ያድሳል። ወረቀቱን ማደስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥት ደግሞ ገበያ ላይ ውድ ነው።

የወረቀቱ ጣጣ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤት የተባለውንም ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያ የሚሆነውም ቦታ ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። የወር ኪራያቸው አነስተኛ የነበረ የተወረሱ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ የተሻሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸና። ስለዚህ ጎንደር ላይ የሚፈረመው ውል ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ ቤት ነው፦ «ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ»። በዚያ ውል ላይ የተጻፈውን ሚሊዮን ብር ግን ያ እንጨትና ጭቃ በምንም ስሌት አያወጣም። ዋጋው ከሥሩ ያለው ቦታ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፈውም።

እዚህ ላይ የጎንደር ፒያሳ ቆሞ የጣሊያን ዘመን ቤቶችን እያየ የሚጎመዥ ገዢ ትንሽ ሊመከር ይገባል። ጎንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ በጣሊያን እጅ ሳለች የአማራ ግዛት ተብሎ የተከለለው አገር መቀመጫ ነበረች፤ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ ፕላን አወጣላት፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ለሹማምንቱና ለሠራተኞቹ የተሠሩት ቪላዎች በዚያ ዘመን ተገነቡ። የድንጋይ መሠረታቸው ዛሬም አልተነቃነቀም። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በመንግሥት እጅ ናቸው፤ ሲኖሩባቸው የቆዩት ተከራዮች እንጂ ባለቤቶች አይደሉም። «ቁልፉን ልሽጥልህ» የሚል የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲያጋጥም የሚሸጠው የሌለውን ነው፤ ገዢውም ነገ ቤቱ የእኔ ነው ብሎ በየትኛውም ችሎት ሊቆም አይችልም። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አለ፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገን እንኳ አይቻልም።

የሚቀረው ነባር ይዞታ የሚባለው ነው፦ አዲስ ዓለም፣ አቡን ቤት፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ፣ ወደ አዘዞ መውጫ ያሉ፣ ከአባት ለልጅ የወረዱ የጭቃ ቤቶች። ንግዱ እዚህ ነው፤ ጣጣውም እዚህ ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ፤ የተፈጠረ ምሳሌ ነው፣ ግን ጎንደር ውስጥ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እናት አርፈዋል። ልጆች አምስት ናቸው፦ አንዷ ቤቱ ውስጥ አለች፣ አንዱ ባህር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አሜሪካ፣ አንዱ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። ካርታው በአባት ስም ነው፤ አባት ያረፉት ከሠላሳ ዓመት በፊት። ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እናቷን ያስታመመችው እሷ በመሆኗ የበለጠ ይገባኛል ትላለች፤ በኅሊና ልክ ናት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ናቸው፤ የሟቹም ልጆች በአባታቸው እግር ገብተው ይወርሳሉ። ደላላው ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ቤተሰብ ተስማምቷል» ይላል። ያን ቃል የሰማ ገዢ ወደ ኪሱ ሳይሆን ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሂድ፦ የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል? የስንት ሰው ስም አለበት? አሜሪካ ያለችው ልጅ ውክልናዋን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ፊት ሰጥታ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ተረጋግጦ መጥቷል? የውክልናው ቃል «ለማስተዳደር» ብቻ ነው ወይስ «ለመሸጥ»? ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ሽያጭ አፍርሳለች። ዜግነቷን ለውጣም ከሆነ ቢጫ ካርድ ይዛ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሰጠው መብት የሚሠራው ካርዱን ለያዘ ነው።

ወራሾቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት የሕግ ሥራ ብቻ አይደለም። ከዘመድ ሽማግሌ፣ ካስፈለገም የነፍስ አባት ይገባበታል። ስልጡን ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ለምትኖረው ልጅ መጀመሪያ መድረሻ ያስብላታል፤ ድርሻዋን ከሌሎቹ ቀድሞ ይከፍላታል ወይም ቤት እስክትከራይ ስድስት ወር ይተውላታል። ከርኅራኄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፍቷት የወጣች እህት የሽያጭ ውል ይፍረስልኝ ክስ ይዛ የመመለስ ዕድሏ ሰፊ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀብድ ይመጣል። ቀብድ በልማድ እንደ እጅ መንሻ የሚታይ ይመስላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ጥርስ ያለው ነው፦ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቤቱ ዋጋው ሲንር ሻጭ እጥፉን ከፍሎ ቢወጣ የሚያዋጣው ቀን ስለሚመጣ፣ ሁለት መቶ ብር ቀብድ ይዞ ተኝቶ የሚያድር ገዢ ራሱን እንደሸነገለ ይወቅ። ዋናው ውል ደግሞ በጽሑፍ መሆኑ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ ይላል፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን በጥብቅ ተርጉሞታል። ሰፈር ሽማግሌ ፊት ተፈርሞ፣ ቡና ተጠጥቶበት፣ ቤቱ ታድሶ ሁለት ዓመት ከተኖረበት በኋላ ውሉ ዋጋ ያጣበት ገዢ አንድና ሁለት አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ቤቱ ባንክ ተይዞ ወይም ታግዶ ከሆነ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሚል ማረጋገጫ፣ እነዚህም በዚያው ቀን ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከውል በኋላ ነው የሚሰማው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ይዞታነት ይይዛል ይላል። የሻጩ አባት በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ግብር ይከፍልበት የነበረው ግቢ፣ ለገዢው የሊዝ ውልና የዓመት ክፍያ ያለበት ግቢ ይሆናል። የአፈጻጸሙ መመሪያ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመፈራረም በፊት የከተማ አስተዳደሩን የመሬት ክፍል በር ማንኳኳት ግድ ነው። ያው አዋጅ ለሚያሻሽጥ ሰው የተለየ ቁጣ አለው። በሊዝ የተያዘን ቦታ ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰው ከሽያጩ የሚወስደው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዙ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላው ለመንግሥት ነው። ለዚህ ነው ነጋዴው ባዶ ቦታን ትቶ አሮጌ ቤትን የሚወድደው፦ አሮጌ ቤት የቱንም ያህል ቢዘም «ቤት» ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ።

የጎንደር ጭቃ ቤት ራሱን የሚገልጠው በክረምት ነው። በጥርና በየካቲት ሁሉም ግድግዳ ደረቅ፣ ሁሉም ግቢ ንጹሕ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን የመጣው የውጭ አገር ዘመድም የሚገዛው በዚያን ጊዜ ነው፣ ሻጭም ይህን ያውቃል። በነሐሴ ግን ከጓዳው ጥግ የሚወርደው ርጥበት፣ ከመሠረቱ ሥር የሚፈልቀው ውኃ፣ ከጎረቤት ጣሪያ ወደዚህ ግቢ የሚወርደው ጠፈጠፍ ሁሉ ይታያል። ያ ጠፈጠፍ ቀላል ነገር አይምሰል፤ ወሰን ላይ የተጠጋ ጣሪያ የጎረቤት ጠብም የግድግዳ መውደቅም መነሻ ነው።

ልምድ ያለው ግንበኛ ቤት ሲያይ ቀና ብሎ አይጀምርም። ገዢው የተሰነጠቀውን ልስን እያሳየ «አያ፣ ይሄ ግድግዳ ይድናል?» ሲለው፣ «ግድግዳውን ተወው ልጄ፣ እግሩን አሳየኝ» ይላል። ከቋሚዎቹ ሥር ያለውን ምርግ በመሮ ይፈለቅቃል፤ ካራውን እንጨቱ ውስጥ ይሰድዳል። ካራው ጣት ያህል ያለ ድካም ከገባ ምስጥ በልቶታል። ባሕር ዛፍ መሬት ከነካ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ ወይራና ጥድ ግን የአያት ዘመን ቋሚ ሆነው ቢቀጠቀጡ ይደውላሉ። እግሩ የተበላው ቋሚ ሁሉ ይጣላል ማለት ግን አይደለም። ጣሪያውን በጊዜያዊ ድጋፍ አቁሞ የበሰበሰውን ጫፍ መቁረጥና ከሥሩ የድንጋይ መቆሚያ መገንባት ይቻላል፤ አንድ በአንድ፣ ሁለት ቋሚ በአንድ ቀን ሳይነካ። የሚያድሰው ሰው በርካታ ብር የሚያድንበት ሥራ ይኼው ነው፤ ገዢ ደግሞ ፈጽሞ አያየውም።

ስንጥቅ ራሱ ቋንቋ አለው። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ የልስን እርጅና ነው፣ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ሰያፍ የሚሄድ፣ በበጋ የሚከፈትና በክረምት የሚጠብበው ግን ከታች ዋልካ አለ ማለት ነው። በከተማዋ ዝቅተኛ ሜዳዎች፣ ወደ አዘዞ በኩል በተለይ፣ ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ገንዘብን መሬት ላይ መዝራት ነው። የሚረዳው የዝናቡን ውኃ በቦይ ከመሠረቱ ማራቅ፣ ዙሪያውንም በድንጋይና በሊሾ መንጠፍ ነው። ርካሽ ሥራ ነው፤ ፎቶ ላይ ስለማያምር ግን ማንም መጀመሪያ አይሠራውም።

ሲሚንቶ ላይ ያለኝን ቅሬታ እዚሁ ልጨርስ። ቤት የሚያድስ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ምኞቱ ጭቃውን በሲሚንቶ ለስኖ «ብሎኬት ማስመሰል» ነው። ጭቃ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ይቀበላል ይመልሳል፤ ሲሚንቶው ግን ይደፍነዋል። ከውስጥ የታፈነው እርጥበት ምርጉን እያላቀቀ በሁለት ሦስት ክረምት ልስኑን እንደ ቅርፊት ያወርደዋል። ከፋሲል ግቢ የተሻለ ምስክር የለም። ግንቦቹ የተያያዙት በኖራ ነው፤ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ አድርጎ ከመመዝገቡ በፊትና በኋላ የተሠሩት ጥገናዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሡ ወደ ኖራ ተመለሱ። ለጭቃ ቤት የሚስማማው ያው የድሮው ዘዴ ነው፦ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጦ ለቀናት ማቡካት፣ በወፍራሙ መምረግ፣ ሲደርቅ በቀጭኑ መለሰን፣ ከላይ ኖራ መቀባት። ከአዲስ አበባ አቅጣጫ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተጭኖ የሚመጣውን ሲሚንቶ ለሊሾው፣ ለመጸዳጃ ቤቱና ለቦዩ ይቆጥቡት።

ገዢ በእውነት የሚከፍልበት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የራሱ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሚቀመጥበት ማማ፤ ከጎረቤት ያልተጋራ መጸዳጃ ቤት፤ መኪና የሚያስገባ በር። ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ካለ ኪራይ ያመጣል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ክፍል በካሣ ጊዜ አይቆጠርም። ጎንደር እንደ ሌሎቹ ከተሞች የኮሪደር ልማት ሥራ ገብቶባታል፤ መንገድ ዳር ያለ ግቢ ሲነሣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሣ የሚሰላው በመሬቱ ላይ በሕጋዊ መንገድ ለሰፈረው ንብረት ነው። ስለዚህ ከማደስ በፊት የከተማውን ፕላን አይቶ ግቢው መንገድ ይነካው እንደሆነ ማወቅ ከማንኛውም ግንበኛ ምክር ይበልጣል።

ወደ ደጋው ወጣ ብሎ፣ ዳባትና ደባርቅ ላይ፣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ብርዱ የሚፈልገው መስኮተ ሰፊ ቤት ሳይሆን ወፍራም ግድግዳና በደንብ የተዘጋ ጣሪያ ነው። የስሜን ፓርክ ቱሪስት በብዛት ሲመጣ ማደሪያ ያደረጉ ቤቶች ነበሩ፤ የኮቪድ ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ከመጡ ወዲህ ያ ስሌት ተናግቷል። ዛሬ እዚያ የሚገዛው ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባ ገበሬና የእህል ነጋዴ ነው፤ ለእሱ ከሳሎን ይልቅ ጎተራ ይበልጥበታል። ከከተሞቹ ዳር የገበሬ መሬት ላይ በአንድ ሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት የሚያሳይ ደላላ ካጋጠመ ግን ቡናውን ጠጥቶ መሄድ ነው።

ብሩን እንቁጠረው። ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ2 ሚሊዮን ብር ተገዛ። የስም ማዞሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ 40,000። እድሳቱ 600,000። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በ3,200,000 ተሸጠ። የደላላውን ሳንቆጥር ትርፉ 560,000 ነው። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ትርፍ 15 በመቶ ጥሏል፣ 84,000 ይሆናል፤ ሻጩ ቤቱን ቢያንስ ሁለት ዓመት ኖሮበት ከሆነ ግን ከዚህ ነፃ ነው፤ ችኩል ነጋዴ ይህን ዕድል ያልፈዋል። በእጅ የሚቀረው 476,000 ብር ነው። አሁን የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ነው ብለን እንገምት። ሥራው ላይ የዋለው 2,640,000 ብር ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የቀድሞ ጉልበቱን ይዞ ለመቆየት ብቻ 3,470,000 ገደማ መሆን ነበረበት። ሰውየው በወረቀት አትርፎ በገበያ ከሰረ። ሆኖም ያን ብር ባንክ ቢያስቀምጠው ኖሮ ይበልጥ ይከስር ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቤት ዋጋ የሚነዳው በግድግዳ ጥንካሬ ሳይሆን ብር ዋጋ ያጣል በሚል ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ የእድሳት ሒሳብ ያረፈው በሁለት ነገር ነው፦ በርካሽ መግዛት ላይና ቶሎ መጨረስ ላይ። በርካሽ የሚገዛው ደግሞ ወረቀቱ የተበላሸው ቤት ነው፤ ወረቀቱ የተበላሸ ቤት ቶሎ አያልቅም። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቤት መምረጥ ነው ችሎታው። ወራሾቹ ሦስት ሆነው ሁሉም በአንድ ከተማ ያሉበትን እንጂ ዘጠኝ ሆነው አራት አህጉር የተበተኑበትን አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ገዢው ሊኖርበት ነው ወይስ ሊያፈርሰው የሚለው ነው፤ የእድሳቱን መጠን የሚወስነውም ይኸው ነው። አዲስ ዓለም ውስጥ ቀጭን መንገድ ላይ ላለ ቤት የሚመጣ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ያያል፣ ወጥ ቤቱ ጢሱን ወዴት እንደሚያወጣ ይጠይቃል፣ ሚስቱ ልብስ የሚሰጣበትን ቦታ ታያለች። ለእሱ ያድሱለት። አስፋልት ዳር ላለ ግቢ የሚመጣው ግን ወደ ቤቱ ሳይገባ ሜትር ዘርግቶ የፊቱን ስፋት ይለካል፤ ፎቅ ሊሠራ ነው። ለእሱ የተለቀለቀ ቀለም፣ የተነጠፈ ሊሾ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍርስራሽ ይሆናል። እንዲህ ላለ ቤት የሚያስፈልገው የሚያፈሰውን ቆርቆሮ መለወጥ፣ እስኪሸጥ ተከራይ ማስገባት፣ ሌላውን ብር ሁሉ ለካርታውና ለወራሾቹ ማዋል ነው። ተከራዩን ሲያስገቡ ግን የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት ማድረጉን አይዘንጉ፤ ሊሸጡ ያሰቡት ቤት ከነተከራዩ ሊሸጥ ይችላል። ውል ሲጻፍም አንድ መስመር ይጨመር፦ ገዢው ቤቱን ሲያፈርስ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ የወይራ ቋሚዎቹ ለማን ናቸው? አሮጌ እንጨትና ቆርቆሮ የሚገዛ ነጋዴ ለእነዚህ ጥሩ ይከፍላል፤ ሻጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሳቸው ጋሪው ጭኖ ከበር ሲወጣ ነው።